የምሕረት መልክ በእንጨትና በቀለም

ቍጣ በክንድ ይታወቃል፤ ፍርሃት በዓይን ይነበባል፤ ኵራትም በአንገት ይታያል። ርኅራኄ ግን በአንዱ ሰው ልብ ተፀንሶ በሌላው ሰው ጕሮሮ ውኃ፣ በሌላው ሰው ሆድ እንጀራ ሆኖ የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ መልክ ስጠው ቢሉት ሠዓሊም ሆነ ቀራጭ ከሁሉ ይልቅ የሚቸገርበት ነገር እርሱ ነው። ለጋሱን ብቻ ቢያሳይ ትዕቢተኛ ያስመስለዋል፤ ችግረኛውን ብቻ ቢያሳይ ደግሞ ተመልካቹን ካስለቀሰው በኋላ ባዶ እጁን ያሰናብተዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን የጥበብ ችግር ነው።

ለምርመራችን ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን እናቆማለን። አንደኛው በሩቅ ምሥራቅ አገሮች የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች ከእንጨት የሚቀርጹት፣ ቻይናዎች ጓንዪን፣ ጃፓኖች ካኖን የሚሉት የርኅራኄ ምስል ነው። ሁለተኛው በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የሚሣለው የበላኤ ሰብእ ታሪክ ነው። ሁለቱ በሃይማኖትም፣ በአገርም፣ በመሣሪያም የተራራቁ ናቸው፤ የአንዱን እምነት በሌላው ሚዛን ልንመዝን አልተነሣንም። ዳሩ ግን ሁለቱም የጠየቁት ጥያቄ አንድ ስለ ሆነ፣ የሰጡትን መልስ ማነጻጸር ለመምህራንና ለተማሪዎች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ጥያቄውን የምናነሣው ደግሞ በአንድ ቦታ ቆመን ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ የጁ ሜዳ ሲወርድ ውርጌሳን ያገኛል፤ ከዚያም በመርሳ በኩል ወደ ወልድያ ይዘልቃል። ከወልድያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ደጋው የወጣ መንገደኛ ደግሞ ላሊበላ ይደርሳል። በዚህ ጎዳና ዳር ቆሞ ስለ ርኅራኄ የሚናገር ሰው ቃሉን መዝኖ ሊናገር ይገባዋል፤ ስለ ምን እንዲህ እንዳልን ወደ ኋላ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ወደ ምሥራቁ ምስል እንሂድ። በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ ስሙ አቫሎኪቴሽቫራ ይባላል። በቡድሃ ትምህርት ቦዲሳትቫ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ይኸውም ወደ ፍጹም ዕረፍት ለመግባት ሲቻለው፣ ፍጥረት ሁሉ ከመከራ እስኪድን ድረስ እኔ አልገባም ብሎ በደጃፍ የቆመ ማለት ነው። በሕንድ የወንድ መልክ ነበረው፤ ቻይና ከገባ በኋላ ግን በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ የሴት መልክ ያዘ። የቻይንኛው ስም ሲተረጐም የዓለምን ድምፅ የሚያስተውል እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ምእመኑ ይህን ስም በጠራ ቍጥር፣ የሚጠራው ጩኸት ሰሚ የሆነውን ነው። ርኅራኄ ከመስጠት በፊት መስማት እንደ ሆነ በስሙ ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚህ ወገን ሥራዎች መካከል በዓለም ከታወቁት አንዱ በአሜሪካ በካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ በኔልሰን አትኪንስ ሙዚየም ይገኛል። በ11ኛው ወይም በ12ኛው መቶ ዓመት በቻይና ከእንጨት ተቀርጾ በቀለም የተዋበ ሲሆን፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር ያህል ነው። ቀኝ ጕልበቱን አንሥቶ፣ ቀኝ ክንዱን በጕልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ግራ እግሩን ወደ ታች ለቆ ተቀምጧል። አቀማመጡ የመሳፍንት አቀማመጥ ነው፤ ጌጡም የባለጸጋ ጌጥ ነው። ስለዚህ ፈጥኖ የሚፈርድ ተመልካች፣ ሰው እየተራበ ይህ ምን ያለ የተደላደለ አዛኝ ነው ብሎ ሊነቅፈው ይችላል። እኛም መጀመሪያ ፎቶግራፉን ስናይ እንዲሁ ብለን ነበር።

ቆይተን ስንመለከተው ግን ነቀፋችን ተቃለለ። ምስሉ የሚታየው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ዓይኖቹም ወደ ታች ያያሉና፣ ከሥሩ የቆመ ሰው ራሱን በእይታው ውስጥ ያገኘዋል። ከድሎት ጋር አብሮ የሚሄደው ንቀት በዚህ ፊት ላይ ፈጽሞ የለም። ወደ ታች የተለቀቀው እግርም የዕረፍት ምልክት ብቻ አይደለም፤ ተነሥቶ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው እግር ይመስላል። ቀራጩ ያንን ግዙፍ አካል እንዲህ አቅልሎ ማስቀመጡ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፤ የሚረዳ ሰው ራሱ የተሸበረ እንደ ሆነ ለተቸገረው አይጠቅመውም። የታመመ ሰው አስታማሚ እንዲህ እንዲሆን እንደሚፈለግ፣ ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሁሉ ያውቀዋል።

በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ ያለው ሳንጁሳንጌንዶ የተባለው አዳራሽ ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ በሌላ መንገድ ይነግረናል። አዳራሹ መጀመሪያ የተሠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1164 ሲሆን፣ በ1249 ተቃጥሎ በ1266 እንደገና ተሠራ። በእሳቱ ጊዜ ሰዎች ተሸክመው ያወጧቸው 124 ምስሎች ተርፈዋል። ዛሬ በዚያ 120 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቤት ውስጥ 1001 የካኖን ምስሎች በተርታ ቆመዋል፤ የመካከለኛውንና ትልቁን ታንኬይ የተባለው ቀራጭ በ1254 ፈጽሞታል። ሥራቸው በልዩ ብልሃት ነው፤ ብዙ የጥድ ዘር ቍራጮችን አጋጥመው፣ ውስጡን ፈልፍለው ባዶ በማድረግ፣ ምስሉ እንዳይከብድና እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ያደርጋሉ። ከዚያም የወርቅ ቅጠል ያለብሱታል። እያንዳንዱ ምስል 40 ክንድ አለው፤ እያንዳንዱ ክንድ 25 ዓለማትን ያድናል ተብሎ ስለሚታመን 40ው እንደ 1000 ይቈጠራል።

ስለ ክንዶቹ ብዛት የሚነገረውም አፈ ታሪክ መጥቀስ ያሻል። ርኅሩኁ የፍጥረትን መከራ ብዛት ባየ ጊዜ ራሱ ከሐዘን የተነሣ ተሰነጣጠቀ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉን እንዲያይ 11 ራስ፣ ለሁሉ እንዲደርስ 1000 እጅ ተሰጠው፤ በየመዳፉም ዓይን ነበረበት ይላሉ። በመዳፍ ላይ የተቀመጠ ዓይን! ሳያይ የሚሰጥ እጅ እንደሚሳሳት፣ እጅ የሌለው ዓይንም እንደማይረባ ከዚህ የበለጠ አጭር ትምህርት አላገኘንም። የአዳራሹም ጎብኚዎች ከ1001ዱ መካከል የሞተ ዘመዱን ፊት የሚመስል ያላገኘ የለም እያሉ ይናገራሉ። ቍጥሩ ብዙ ቢሆንም ቀራጮቹ ፊቱን እንደ ማኅተም አልደገሙትም ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

እንግዲህ የዚህ ሥራ ጕድለት ምንድር ነው? ችግረኛው በምስሉ ውስጥ የለም። የተራበው፣ የታመመው፣ የተጠማው በቦታው የቆመው ተመልካች ራሱ እንደ ሆነ ተቈጥሯል። ለሚጸልይ ሰው ይህ ትልቅ መጽናናት ነው፤ ከሰማይ በታች የሚሰማኝ አለ ብሎ ይሄዳል። ዳሩ ግን ተመልካቹ ራሱን ሁልጊዜ በተረጂ ቦታ ላይ ሲያስቀምጥ፣ እኔስ ለማን ደረስሁ የሚለው ጥያቄ ሊያመልጠው ይችላል። ምስሉ ያጽናናዋል እንጂ አይከሰውም።

ጓንዪን ብዙ ጊዜ በእጁ የንጹሕ ውኃ ማሰሮና የአኻያ ቅርንጫፍ ይዞ ይቀረጻል። ይህም ውኃ በቀጥታ ወደ አገራችን ሥዕል ያሻግረናል።

የበላኤ ሰብእን ታሪክ የማያውቅ የአገራችን ክርስቲያን ጥቂት ነው። ከተአምረ ማርያም የሚነገረውና የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚታሰበው ይህ ታሪክ፣ የቅምር አገር ሰው የሆነው በላኤ ሰብእ በሰይጣን ምክር ተታሎ ቤተ ሰዎቹን ጭምር 78 ነፍስ እንደ በላ፣ በመጨረሻም በመንገድ ላይ ቍስለኛ ድኃ ውኃ ሲለምነው በሌላው ስም እምቢ ብሎ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ እንደ ሰጠው ይናገራል። ነፍሱ በተመዘነች ጊዜ በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ወገን ያች ጥርኝ ውኃ ሆነች፤ የእመቤታችን ጥላ ባረፈባት ጊዜም ውኃዋ መዘነች።

ይህን ታሪክ በጣና ዳር በዘጌ እንዳለችው እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ተሥሎ እናገኘዋለን። ሠዓሊው በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሸማ ላይ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜም ራሱ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የሆነ ሰው ነው። ሐውልት ስላልቀረጸ፣ የምሕረትን ምሥጢር በአንድ አካል ውስጥ አጠቃልሎ ለማሳየት አይገደድም። ሰዎቹን ይደረድራቸዋል፤ ጊዜውንም ይከፋፍለዋል። ከታች ወይም ከጎን ግድያው አለ፤ ከዚያ ቍስለኛውና ውኃው፤ ከዚያም ሚዛኑን የያዘው መልአክ፤ በሚዛኑም አጠገብ እመቤታችን አለች። ዓይናችን ከሬሳው ወደ መዳፉ፣ ከመዳፉ ወደ ሚዛኑ ይጓዛል። ጓንዪን በአንድ ፊት ጸጥታ የነገረንን፣ የኛ ሠዓሊ በጉዞ ይነግረናል።

የዚህ ሥዕል ታላቅነት በምርጫው ላይ ነው። ርኅራኄን ለማሳየት የመረጠው ሰው ከሰው ሁሉ ርኅራኄ የራቀውን ነው። ቅዱስ ቢሆን ኖሮ ተመልካቹ እኔ እንደ እርሱ አይደለሁም ብሎ ባመለጠ ነበር። ከበላኤ ሰብእ ግን የሚያመልጥ የለም፤ እርሱ ያደረጋትን ጥርኝ ውኃ ማድረግ አልችልም የሚል ማን ነው? ደግሞም ችግረኛው በሥዕሉ መካከል ነው። ፊት አለው፤ ቍስል አለው፤ እጁን ዘርግቷል። ጓንዪን የተወውን ቦታ የኛ ሠዓሊ ሞልቶታል።

በአገራችን የሥዕል ልማድ ደጎች በሙሉ ፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በገጽታ በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ የታወቀ ነው። እንግዲህ በላኤ ሰብእ በስንት ዓይን ይሣል? ከውኃው በፊትና ከውኃው በኋላ አንድ ሰው ነውን? መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው በየደብሩ ያለውን ሥዕል እያዩ ይህን ቢመረምሩ፣ ሠዓሊዎቻችን ስለ ሰው ልጅ መለወጥ ምን ያህል እንዳሰቡ ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ይገለጥላቸዋል።

ነቀፋም አለን። አንዳንድ ሠዓሊዎች፣ ይልቁንም ለገበያ የሚሠሩት፣ በደሙና በተቈረጠው አካል ላይ ብዙ ቦታና ቀይ ቀለም ሲያጠፉ፣ መዳፉንና ውኃውን ግን በጥግ ያሳንሱታል። የታሪኩ ልብ እዚያ ላይ እንደ ሆነ ዘንግተዋል። ሌላው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነው፤ ስለ 78ቱስ ማን ይናገራል? በሚዛኑ አንድ ወገን ተከምረው ይታያሉ እንጂ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ስምም ፊትም የላቸውም። የምሕረቱን ትምህርት ለሊቃውንት እንተወዋለን፤ እንደ ሥዕል ግን ስንመለከተው፣ የተበሉት ቍጥር ሆነው መቅረታቸው ልባችንን ይከብደዋል። ከላይ በልቡ እንዲይዘው አንባቢን የለመንነው የኪዮቶው ሥራ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ በዚያ 1001 ቢሆኑም እያንዳንዱ ፊት አለው።

ኢትዮጵያ የምስል ቀረጻ ጥበብ ስለ ጐደላት በሥዕል ብቻ ቀረች የሚሉ አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የአክሱምን ሐውልቶች ያቆመና በላሊበላ በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት ልክ የቅዱሳንን መልክ ከዓለት ፈልፍሎ ያወጣ ሕዝብ፣ ድንጋይ አልታዘዘውም ሊባል አይችልም። የጎልጎታዎቹ ቅዱሳን ጀርባቸው ከዓለቱ አልተለየም፤ ከተራራው እንደ ወጡ ከተራራው ጋር ቆመዋል። ቤተ ክርስቲያን ዙሪያውን የሚዞሩትን ምስል ትታ ሥዕልን መምረጧ የእምነት ሥርዓት እንጂ የእጅ ድካም አይደለም።

በየጁም ምድር የምሕረት መልክ ያለ ሥዕል የሚነገርበት ሌላ መንገድ አለ። እስላሞች ወንድሞቻችን መልክን በአምልኮ ቦታ አይሥሉም፤ ሥራቸውን ሁሉ ግን በሩኅሩኁ አምላክ ስም ይጀምራሉ። በዳና ሸኾች ትምህርት በታወቀው በዚህ አገር፣ መንዙማ በሌሊት ሲዜም ምሕረት በድምፅ ትለመናለች። ጩኸትን የሚሰማ የሚለውን የቻይንኛ ስም የሰማ የወሎ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ እርሱም በበኩሉ ወደ ሚሰማው ሲጮኽ የኖረ ነውና።

አሁን በውርጌሳ ጎዳና ቆመን ለምን እንደ ተናገርን እንግለጽ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ በጸና ጊዜ፣ ገበሬው ከነቤተ ሰቡ ከየተራራው ወርዶ ወደዚህ አውራ ጎዳና ወጣ፤ በመንገዱ ዳር ተሰልፎ አላፊ መኪና ለመነ። ጩኸት ነበረ፤ ሰሚ ግን ዘገየ። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለግቢው ሰው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ታይቶ የብዙ ሰው እጅ ለርዳታ ተዘረጋ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አንዱ ምስል በአንድ አገር ርዳታ፣ በሌላው አገር ክስ ሆነ ማለት ነው። ክሱ ተገቢ ነበር፤ የተራበው ሰው ፊት ግን ለክስ ማስረጃ ሆኖ ሲቀር፣ እርሱ ራሱ ዳግመኛ ተረሳ።

መረሳቱም ከ10 ዓመት በኋላ ታየ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የትግላችን ሐውልት በታላቅ በዓል ተመረቀ። ሐውልቱ የተመረቀው በዚያው በረሀቡ ጊዜ ነበር፤ ጥቅምት 13 ቀን የኮረም ሕዝብ መከራ መሐመድ አሚን ባነሣው ፊልም ለዓለም ተገለጠ። በሐውልቱ ላይ ያሉትን የነሐስ ፊቶች ስንመለከት፣ ሁሉም ወደ ሩቅ ያያሉ። ወደ ታች፣ በሥራቸው ወደ ቆመው ሰው የሚመለከት ዓይን ማግኘት ያስቸግራል። በካንሳስ ሲቲ ያለው የእንጨት ምስልና ይህ ነሐስ የሚለያዩት በዚህ ነው፤ አንዱ የሰውን ድካም ለማየት ዝቅ አለ፤ ሌላው ኀይልን ለማሳየት ከፍ አለ። የሥነ ጥበብ ትችት ስለ ውበት ብቻ የሚናገር የሚመስላቸው ሰዎች፣ የዓይን አቅጣጫ እንዲህ ያለ ትርጕም እንዳለው ያስተውሉ።

ስለዚህ አንድ ቀን በዚህ ጎዳና ላይ ለነዚያ ዓመታት ሙታን መታሰቢያ አቆማለሁ የሚል ቀራጭ ቢነሣ፣ የምንለምነው ጥቂት ነው። ቁመቱ አይግነን፤ ሕፃን ቆሞ ፊቱን የሚያየው ይሁን። የራበውን ሰው አጥንት እያሳየ አያዋርደው፤ ከሚዛኑ ክምር ውስጥ አውጥቶ ፊት ይስጠው። ከኪዮቶ ቀራጮች አንዱ ፊት ሌላውን እንዳይደግም ይማር፤ ከካንሳሱ ምስል ወደ ታች የሚያይ ዓይን ይውሰድ፤ ከአገሩ ሠዓሊ ደግሞ ጥርኙን ውኃ ይያዝ። የሚሠራው ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ስለ ሆነ፣ መልክ መቅረጽ የሚያስቸግር ቢሆን መዳፍ ብቻ ይበቃል፤ ከመዳፉም በእውነት የሚጠጣ ውኃ ቢወርድ፣ መንገደኛውና እረኛው ጐንበስ ብለው በጠጡ ቍጥር ሥራው ይፈጸማል።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ሥዕሉ በየደብሩ አለልን። በመጪው የካቲት 16 ቀን ከሕዝቡ ጋር የሚቆሙ ተማሪዎች፣ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ጥቂት ቆይተው ሚዛኑን ይመልከቱ፤ በአንድ ወገን ያለውን ክምር ይቍጠሩ፤ ፊት ያለውንም ይፈልጉ። ያገኙትን ጽፈው ቢልኩልን፣ በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ በደስታ እንቀበላቸዋለን።